ወደ አይስላንድ የሚሄድ መንገደኛ ምን ያያል?

አንባቢዬ ሆይ! ባለፈው ሰሞን የሰሜን ኤውሮፓን ጂኦግራፊ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፦ «ስሙ እንኳ የበረዶ አገር ተብሎ የተጠራውን ስፍራ ለማየት ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚሄደው ምን ቸግሮት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልሱን ጀምሬ ሳልጨርስ ግን ደወሉ ተደወለ። ለእርሱ ያልጨረስሁትን መልስ እነሆ ዛሬ ለእርስዎ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አይስላንድ ከኖርዌይና ከግሪንላንድ መካከል በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋትዋ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአገራችንን አንድ ዐሥረኛ አትሞላም። የሕዝብዋም ቍጥር 400,000 አይደርስም፤ ከዚህም የሚበዛው በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክና በአካባቢዋ ይኖራል። ከተራሮችዋ ሁሉ የሚበልጠው ከፍታው 2,110 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ እርስዎ አራት ኪሎ ተቀምጠው ቡናዎን ሲጠጡ ከአይስላንድ ከፍተኛ ተራራ ራስ በላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። የዚያች አገር ብርድ የመጣው ከቦታዋ እንጂ ከከፍታዋ አይደለም። ይህም ሆኖ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት ዳርቻዋን ስለሚያሞቅላት፣ በሬይክያቪክ የጥር ወር ብርድ በአማካይ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ስሟ እንደሚያስፈራው አይደለችም።

ከሕዝቡም ጋር የሚያዛምደን አንድ ነገር አለ። የአይስላንድ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እኛ የሚጠሩት በራሳቸውና በአባታቸው ስም እንጂ በቤተ ሰብ ስም አይደለም። ዮን የተባለ ሰው ወንድ ልጅ ቢወልድ ልጁ ዮንሶን፣ ሴት ልጅ ብትሆን ዮንስዶቲር ትባላለች፤ የዮን ልጅ ማለት ነው። ሴትዮዋ ብታገባም የአባትዋን ስም አትለቅም። ፕሬዚዳንቱንም ቢሆን የሚጠሩት በራሱ ስም ነው። በኤውሮፓውያን ፎርም ላይ «የቤተ ሰብ ስም» የሚለውን መስመር ሲያይ ግራ የተጋባ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ቢኖር፣ በዚያ በሩቅ ደሴት የሚያዝንለት ባልንጀራ እንዳለው ይወቅ።

አሁን ወደ ጉዞው እንግባ። መንገደኛው ከሬይክያቪክ ተነሥቶ በመጀመሪያ የሚሄደው ቲንግቬትሊር ወደሚባለው ሸለቆ ነው። የአይስላንድ አባቶች በ930 ዓመት አልቲንግ የተባለውን ሸንጓቸውን ያቋቋሙት በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የተጻፈ ስላልነበረ፣ ሕግ ነጋሪ የተባለው ሰው ከአለቱ ላይ ቆሞ እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን እያለ በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። ደሴቲቱ ከዴንማርክ ንጉሥ ተለይታ ሪፑብሊክ መሆንዋ በጁን 17 ቀን 1944 የታወጀው በዚሁ ቦታ ነው።

ነገር ግን ቲንግቬትሊር የሸንጎ ቦታ ብቻ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ምድርና የኤውሮፓ ምድር የሚለያዩበት ስንጥቅ በዚህ ያልፋል። ሁለቱ ወገኖች በየዓመቱ በአማካይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ ይሄዳሉ። መንገደኛው ወዲያና ወዲህ በቆሙት የአለት ግድግዳዎች መካከል በእግሩ ይሄዳል፤ ደፋር የሆነውም ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ሲልፍራ በተባለው ስንጥቅ ውስጥ ይዋኛል። ውሃው ከበረዶ ግግር ወጥቶ ለብዙ ዓመታት በደንጊያ ውስጥ ሲጣራ የቈየ ስለ ሆነ፣ መቶ ሜትር ያህል አሻግሮ ያሳያል ይባላል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር፣ ዳባሁ በሚባለው ተራራ አካባቢ፣ ከሥር የመጣ የቀለጠ ደንጊያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ምድር ሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ድረስ ወዲያና ወዲህ ገፍቶታል። ሊቃውንት ለዚህ ነገር ምሳሌ ሲፈልጉ ያገኙት በሰሜን አይስላንድ፣ ክራፍላ በተባለው ስፍራ ከ1975 እስከ 1984 የደረሰውን ነው። በውቅያኖስ ወለል ላይ ተሰውሮ የሚፈጸመው የምድር መሰንጠቅ በየብስ ላይ በዓይን የሚታይባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም ዋናዎቹ አይስላንድና አፋር ናቸው።

ከቲንግቬትሊር ቀጥሎ የሚታየው የጌይሲር ፍል ውሃ ነው። ፈረንጆች በየትም አገር ወደ ሰማይ የሚፈናጠረውን ፍል ውሃ ሁሉ የሚጠሩት በዚህ በአንዱ ስም ነው። ታላቁ ጌይሲር ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ጎረቤቱ ስትሮኩር ግን በየዐሥር ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውሃውን 20 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወረውራል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በጠባቡ ጕድጓድ ሥር ያለው ውሃ ከላዩ ያለው ውሃ ስለሚጫነው ከመቶ ዲግሪ በላይ እየጋለ ሳይፈላ ይቈያል። በመጨረሻ ጥቂቱ ፈልቶ የላዩን ውሃ ገፍቶ ሲያፈስሰው ጭነቱ ይቀልላል፤ የቀረውም ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ክዳኑን አጥብቀው የዘጉት ድስት ሲከፈት የሚያደርገውን ያዩ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

በዚያው አቅጣጫ ጉልፎስ፣ ማለት የወርቅ ፏፏቴ፣ ይገኛል። ወንዙ በሁለት ደረጃ 32 ሜትር ያህል ወርዶ ከጠባብ ገደል ውስጥ ይሰወራል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የውጭ አገር ባለ ገንዘቦች ፏፏቴውን ተኰናትረው ኤሌክትሪክ ሊያወጡበት ተነሥተው ነበር። በአጠገቡ የሚኖር የአንድ ገበሬ ልጅ፣ ሲግሪዱር ቶማስዶቲር የምትባል፣ ይህን ተቃወመች። ከመንደርዋ እስከ ሬይክያቪክ ያለውን ረጅም መንገድ በእግርዋ እየተመላለሰች አቤት አለች፤ በገንዘብዋም ጠበቃ ይዛ ተሟገተች። ግድቡ ከተሠራ ከፏፏቴው እወረወራለሁ ብላ ዝታ ነበር እየተባለም ይነገራል። ክሱን አልረታችም፤ ውሉ ግን ውሎ አድሮ ፈረሰ። ጠበቃዋ ስቬይን ብዮርንሶን በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ፏፏቴውም ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የሲግሪዱርም መልክ ተቀርጾ በአጠገቡ ቆሟል። ይህን ስጽፍ ግድብን መንቀፌ አይደለም፤ አይስላንድም ብትሆን ከኤሌክትሪክዋ የሚበዛውን የምታገኘው ከውሃ ነው። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የትኛው ውሃ ይሠራበት፣ የትኛውስ ይቅር ብሎ የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው።

ሬይክያቪክ ማለት የጢስ ባሕረ ሰላጤ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰፋሪ ከፍል ውሃው የሚነሣውን እንፋሎት አይቶ ስሙን እንዳወጣለት ይነገራል። እቴጌ ጣይቱም ፊንፊኔ ወርደው ፍል ውሃውን ወድደው ቤት ባሠሩበት ስፍራ አዲስ አበባ እንደ ተቈረቈረች እናውቃለን። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች የእንፋሎት ልጆች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የአይስላንድ ሰዎች ይህን እንፋሎት በቧንቧ ስበው ከዐሥር ቤት ዘጠኙን ያሞቁበታል፤ ኤሌክትሪክም ያወጡበታል። መንገደኛውም በየከተማውና በየመንደሩ ከቤት ውጭ በተሠራ የሙቅ ውሃ መዋኛ ውስጥ፣ በረዶ በራሱ ላይ እየዘነበ ይታጠባል። ወደ መዋኛው ከመግባት በፊት ግን ልብስን አውልቆ ገላን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ይህን ያላደረገ እንግዳ ተቈጪ አያጣም። ይህን ጥበባቸውንም ለሌላ አይነፍጉም፤ ከ1979 ጀምሮ ከብዙ አገር የሚመጡ ባለሙያዎችን በሬይክያቪክ ሲያሠለጥኑ፣ ከሠለጠኑት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙባቸዋል።

ወደ ደቡብ ዳርቻ የሚወርደው መንገድ ብዙ ፏፏቴ ያሳያል። ከሁሉ የሚያስደስተው ሴልያላንድስፎስ ነው፤ ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ሲወርድ መንገደኛው ከውሃው በስተ ኋላ ዞሮ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ አልፎ በ2010 አመዱ የኤውሮፓን አውሮፕላኖች ለቀናት ያስቆመው ኤይያፍያትላዮኩል የተባለው ተራራ ይታያል። ቀጥሎም አሸዋው እንደ ከሰል የጠቈረው የረይኒስፍያራ ባሕር ዳርቻ አለ። እዚህ ላይ ለመንገደኛው ምክር አለኝ። ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሎ ሳለ በድንገት የሚመጣ ከባድ ማዕበል ጀርባቸውን ሰጥተው ፎቶግራፍ ሲነሡ የነበሩ ጐብኚዎችን እየጠረገ ወስዷል፤ የሞቱም አሉ። ማስጠንቀቂያው በሰሌዳ ተጽፎ ቆሟል፤ ያላነበበው ሰው ግን ይጐዳል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መንገዱ በአረንጓዴ የደንጊያ ሽበት በተሸፈነ ሰፊ የአለት ሜዳ ውስጥ ያልፋል። ሜዳው ለዓይን እንደ ምንጣፍ ለስላሳ ነው፤ ታሪኩ ግን መራራ ነው። በጁን 8 ቀን 1783 ላኪ በተባለው ስፍራ ምድር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ ስምንት ወር እሳት ተፋች። መርዛሙ ጭስ ሣሩን አቃጠለው፤ ከብቱና በጉ አለቀ፤ በተከተለውም ራብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሞተ። በዚያው በጁላይ ወር የቀለጠው ደንጊያ ወደ አንዲት መንደር ሲቀርብ፣ ካህኑ ዮን ስቴይንግሪምሶን ሕዝቡን ሰብስቦ ከቤተ ክርስቲያን አስገብቶ ጸሎት አደረሰ። ሲወጡ እሳቱ ከመንደሩ ሳይደርስ ቆሞ አገኙት። ያም ጸሎት እስከ ዛሬ «የእሳት ቅዳሴ» እየተባለ ይጠራል።

የላኪ ነገር በአይስላንድ ብቻ አላበቃም። ወደ ሰማይ የወጣው ጭስ ኤውሮፓን ሸፍኖ አየሩን ስላዛባው፣ በአፍሪካ የክረምቱ ዝናም እንደ ደከመ፣ የዓባይም ውሃ እንደ ጐደለ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በ1784 በግብፅ ብርቱ ራብ ሆነ። ወደ ግብፅ የሚወርደው የክረምት ጐርፍ የሚነሣው ከእኛ ደጋ መሆኑን ልብ ይበሉ። እንግዲህ ማንም ያልሰማው የሩቅ ደሴት እሳት የእኛን ዝናም ሊያስቀር ከቻለ፣ «የሰው አገር ምን አገባን?» ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በዚያው መንገድ ቫትናዮኩል የተባለው ታላቅ የበረዶ ግግር ይመጣል። የአይስላንድ መሬት አንድ ዐሥረኛ ያህሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ሲሆን፣ ከዚህ የሚበዛው ይህ አንዱ ነው። መንገደኛው ጫማው ላይ የብረት ጥፍር አሥሮ፣ መሪ ተከትሎ በላዩ ይሄዳል፤ በክረምትም ውስጡ ያለውን ሰማያዊ ዋሻ ያያል። ከግግሩ ሥር ዮኩልሳውርሎን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ቤት የሚያህል የበረዶ ቋጥኝ ይንሳፈፍበታል፤ ጐብኚዎችም በጀልባ በመካከሉ ይዞራሉ። ይህ ሐይቅ ግን ከመቶ ዓመት በፊት አልነበረም። ዓለም እየሞቀች ግግሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጕድጓዱን ውሃ ሞላው፤ በየዓመቱም እየሰፋ ይሄዳል። የበረዶ ግግር የሚባለው ከራሱ ክብደት የተነሣ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ በረዶ ነው። በምዕራብ በኩል ኦክ በተባለው ተራራ ላይ የነበረው ግግር ስለ ሳሳና መንቀሳቀስ ስለ ተወ በ2014 ከግግሮች ቍጥር ተሰረዘ፤ በ2019 ሰዎች ተሰብስበው እንደ ሙት መታሰቢያ የነሐስ ጽሑፍ አቆሙለት። ዮኩልሳውርሎንን ውብ ነው ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ጐብኚ ይህን ቢያውቅ ደስታው አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ግን አይመለስም።

ባሕሩንም አልዘነጋውም። በሰሜን ሁሳቪክ ከምትባለው ከተማ በጀልባ የወጣ መንገደኛ ዓሣ ነባሪ ያያል። በደቡብ ባሉት በቬስትማን ደሴቶች ደግሞ ምንቃሩ የተዥጐረጐረው ፓፊን የተባለው ወፍ በብዙ ሺህ እየሆነ በገደሉ ላይ ይፈለፈላል። በበጋቸው መጨረሻ ጫጩቶቹ በሌሊት የከተማውን መብራት ጨረቃ መስሏቸው መንገድ ላይ ሲወድቁ፣ ልጆች በካርቶን ሰብስበው በማግሥቱ ወደ ባሕር ይለቋቸዋል። ይህችው ደሴት በጃንዋሪ 23 ቀን 1973 በእኩለ ሌሊት ከከተማው አጠገብ ምድር ተከፍታ እሳት ወጣባት። ማዕበል ስለ ነበረ የዓሣ ጀልባዎቹ በሙሉ ወደብ ውስጥ ነበሩና፣ ከአምስት ሺህ በላይ የሆነው ሕዝብ በዚያው ሌሊት ተሻገረ። ከዚያም የባሕር ውሃ በታላላቅ ቧንቧ እየረጩ የቀለጠውን ደንጊያ አቀዝቅዘው ወደቡን እንዳይዘጋ አዳኑት። በኖቬምበር 10 ቀን 2023 ደግሞ ግሪንዳቪክ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ መሣሪያዎች የምድሩን መንቀጥቀጥ ስለ ነገሩ፣ እሳቱ ሳይወጣ በፊት ሰዎችዋን በአንድ ሌሊት አስወጣች። በተከታዩ ጃንዋሪ እሳቱ ከከተማዋ ገብቶ ቤቶች ሲያቃጥል በቤቶቹ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ስለ ብርሃንም ጥቂት ልናገር። በጁን ወር በሬይክያቪክ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኩለ ሌሊት ግድም ሲሆን፣ ወዲያው ተመልሳ ትወጣለች፤ በዲሴምበር ደግሞ የቀኑ ብርሃን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ዐሥራ ሁለት ብለን ሰዓታችንን የምንቈጥር እኛ እዚያ ብንኖር ቍጥሩ ይጠፋብን ነበር። ነገር ግን ጨለማው ከሴፕቴምበር እስከ አፕሪል ድረስ ሌላ ሀብት አለው፤ ሰማዩ ሲጠራ አረንጓዴው የሰሜን ብርሃን እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይታያል። ከፀሐይ የሚመጡት ረቂቅ ነገሮች ከአየራችን ጋር ከፍ ብለው ሲጋጩ የሚፈጥሩት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ለመጨረሻ አቈየሁት። ጐብኚዎች የአይስላንድን መካከለኛ ምድር አይተው «ይህ እንደ ጨረቃ ነው!» ይላሉ። እውነትም የአሜሪካ የጨረቃ ተጓዦች በ1965ና በ1967 በዚያ ተለማምደዋል፤ ኒል አርምስትሮንግም አንዱ ነበር። ነገር ግን ያ ራቁት ምድር ሁሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ብቻ አይደለም። ሰፋሪዎች በ874 ገደማ ሲደርሱ ከደሴቲቱ ሩብ ያህሉ በበርች ዛፍ የተሸፈነ ነበር ይባላል። ለማገዶና ለከሰል ቈረጡት፤ በጎቻቸውም ቡቃያውን በሉት፤ አፈሩንም ነፋስ ወሰደው። ዛሬ ደን ያለበት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገሩን ተረድተው በ1907 አፈር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተው ገና አልጨረሱም። ጐብኚው ውበት ብሎ የሚያደንቀው ነገር ከፊሉ የቍስል ጠባሳ ነው። የተራቈተ ኮረብታ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ስለዚህም ሕጋቸው ጥብቅ ነው። መኪናን ከመንገድ አውጥቶ መንዳት ክልክል ነው፤ ጐማ የረገጠው የደንጊያ ሽበት ለመዳን ብዙ ዐሥር ዓመታት ይፈጅበታልና። በ2010 ከ500,000 ያነሰ የነበረው የጐብኚ ቍጥር በ2018 ወደ 2,300,000 ሲደርስ፣ አንዳንዱን ስፍራ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ዘግተውት ነበር። ዕድል ቀንቶት የሚሄድ ሰው ቢኖር እንግዲህ ይህን ያስብ፦ የሼንገን ቪዛ ያሻዋል፤ ነፋስና ዝናም የማያስገባ ልብስ ይያዝ፤ አየሩ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይለወጣልና በየማለዳው የአየሩን ወሬና የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ምግቡና መኝታው ውድ ነውና ኪሱን ይመርምር። ደሴቲቱን የሚዞረው መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሰው የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ነው።

ለአብዛኞቻችን ግን በደመወዛችን ይህ ጉዞ የሚቻል አይደለም፤ እኔም ካርታ ላይ በጣቴ እንጂ በእግሬ አልሄድሁም። ቢሆንም ነገሩ ከደመወዝ ጋር አያልቅም። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ከመተሐራ አጠገብ ጥቁር የደንጊያ ሜዳ ያልፋል። ስንቶቻችን ነን ከኦቶቡሱ መስኮት አይተን ይህ ከፈንታሌ የወጣ የእሳት ፈሳሽ ነው ብለን ያሰብን? በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ያ አካባቢ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወጥቷል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እሳተ ገሞራ የሰው አገር ነገር ይመስለን ነበርና ተደናገጥን። የአይስላንድ ሰው ግን የመንደሩን ተራራ ስም፣ መቼ እሳት እንደ ተፋ፣ ቢነሣ በየት በኩል እንደሚሸሽ ከልጅነቱ ያውቃል። ግሪንዳቪክን በአንድ ሌሊት ባዶ ያደረገው ገንዘብና መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ይህ ዕውቀት ነው።

በሚቀጥለው ትምህርት ለተማሪዬ የምነግረው ይህን ነው፦ ሰው ወደ አይስላንድ የሚሄደው በረዶ ፈልጎ አይደለም፤ ምድር ሕያው መሆንዋን በዓይኑ ሊያይ ነው። ያን ለማየት መሄድ ላልቻለ ግን ስምጥ ሸለቆው ከደብረ ዘይት በታች ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። በመጪው ዕረፍት ላንጋኖ ወይም አዋሽ ለመሄድ ያሰቡ አንባቢ ቢኖሩ፣ ሲመለሱ ያዩትን ተራራ ስምና ታሪኩን ከዚያው አገር ሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉልኝ፤ በዚህ ዓምድ አወጣዋለሁ። እስከዚያው ደኅና ይሰንብቱ።